በረንዳው ላይ ያለው አንገሬብ

ነሐሴ 19

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ህሊና ናት። ጎንደር አስተማሪ ናት፤ ለክረምት መጥታ ሰንብታ ዛሬ ጠዋት ተመለሰች። «አባዬ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ጻፍ፤ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው» ብላኝ ሄደች። እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጥሬ አውቃለሁ፣ ሽንት ግን አልቆጥርም። ደብተሩ ባዶ እንዳይቀር ሌላ ሌላውን እጽፍበታለሁ።

መተማ ላይ በሙቀቱ ወራት ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ዝናብ ሲገባ አልጋውም አብሮ ይገባል። ዘንድሮ የእኔ አልገባም። በረንዳው ላይ የጠፍር አልጋዬን፣ አንገሬቤን፣ አስጠግቼ እዚያው ቀርቻለሁ። ለባለቤቴ ለየዓለምወርቅ ቤት ውስጥ ይወብቀኛል አልኋት። አየት አደረገችኝና ብርድ ልብስ አምጥታ እግሬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። እውነቱን ለመናገር የቤታችን በር ብረት ነው፤ በተነሳሁ ቁጥር ይጮኻል። እሷን መቀስቀስ አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ነሐሴ 23

አመሻሽ ላይ እስከ ድልድዩ ሄጄ ነበር። ማዶ ጋላባት ጭር ብሏል። ሱዳን ጦርነት ከገባ ወዲህ ያ ሁሉ መኪና የት ገባ እላለሁ። ድሮ ጉምሩክ በር ላይ ወረፋው ቀን ሙሉ ያቆመን ነበር፤ እንሳደባለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ሐብሐብ ገዝተን ጋቢና ውስጥ እንበላለን። ያን ጊዜ ወረፋ ጠላሁ እል ነበር። አሁን ያ ወረፋ ራሱ ናፈቀኝ።

ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ሳንደርስ፣ አንድ ትልቅ ግራር ነበረ። ከገዳሪፍ የሚመለስ ሹፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። ተሰልፈን እንሸናለን፤ ደግሞ የማን ይርቃል እያልን እንፎካከራለን። ረዳቴ አለምሰገድ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የመኪናችንን፣ የኤንትሬዋን፣ ነዳጅ ፓምፕ ነው የተከሉት» ይለኝ ነበር። ከግራሩ እስከ መንገዱ ዳር አደርሰው ነበርና አልዋሸም። አሁን ከግድግዳ ሥር ቆሜ ጉምሩክ ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው እጠብቃለሁ።

አንገሬቡንም ያመጣሁት ከዚያው ከገዳሪፍ ነው፤ ባገባሁ ዓመት በተሳቢው ላይ ጭኜ። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ከሱ ሌላ አልጋ አልነበረም። ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፣ ሁለት ሆነን እንተኛበት ነበር። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው የግድ ይገላበጣል። ሰፊውን የስፖንጅ አልጋ የገዛነው ህሊና ከተወለደች በኋላ ነው።

ነሐሴ 28

ጉንፋን። በረንዳው በርዶኝ ነው አይባልም። ከገበያ የሱዳን የጉንፋን ክኒን አስገዛሁ። ድሮም ጋቢና ውስጥ አይጠፋም ነበር፣ ፍቱን ነው።

ነሐሴ 29

ከጠዋት ጀምሮ ሽንት የለም። አሁን ማታ ነው። ሆዴ ከበሮ ሆኗል። ክኒኑን ጨመርሁበት፣ ብርዱ ይሆናል ብዬ።

ጳጉሜን 2

ቱቦ ገባልኝ። እንዲህ ነው የሆነው። ድምፄን አፍኜ ስቃትት የዓለምወርቅ ሰማችኝ። ባጃጅ ያቆመችው እሷ ናት፤ እኔ መቆምም አልቻልሁም። ባጃጁ ጉድጓድ ላይ በነጠረ ቁጥር የምጠራው ታቦት አጣሁ። ሐኪም ቤት እንደደረስን አንድ ወጣት ሐኪም ቱቦ አስገባልኝና የታቆረው ሁሉ ወደ ከረጢቱ ወረደ። አለቀስሁ። ህመም ያላስለቀሰኝን ሰውዬ ማረፍ አስለቀሰኝ።

ምን ወስደዋል ብሎ ጠየቀኝ፣ ክኒኑን ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። ፕሮስቴቱ ያበጠበት ሰው ያን ክኒን ከወሰደ የፊኛው አንገት ጭራሽ ይዘጋል አለኝ። ቀጥሎ በቀን ስንት ውሃ እጠጣለሁ ብሎ ጠየቀ። እኔ በኩራት፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ካልሁ እስከ ማታ አልነካም አልሁት። የሹፌር ልማድ ነው፤ ያልጠጣ አይቆምም። በዚህ ሙቀት ውሃ ማቆም ለኩላሊት መርዝ ነው ብሎ ተቆጣኝ። የልጄ እኩያ ነው። ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልኝ።

መስከረም 1

አዲስ ዓመት። ከረጢቱ ከጭኔ ጋር ታስሯል። ሱሪ ስለማይሸፍነው የድሮውን የሱዳን ጀለቢያዬን አወጣሁ። እንኳን አደረሰህ ሊል የመጣ ሁሉ «ውቤ፣ ዛሬ ደግሞ ሱዳኔ ሆንህ?» ይላል። አብሬ ሳቅሁ። ጀለቢያው ደረቱ ላይ ሰፍቶኛል። ድሮ ልክ ነበር።

መስከረም 8፣ ጎንደር

ህሊና ቤት ነኝ። መንገዱ ስለሚያሰጋ መኪኖች በወታደር እጀባ ነው የመጡት፤ መሀል ላይ መቆም የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቱቦውን አመሰገንሁት።

ሐኪሟ ሴት ናት፣ ዶክተር እፀገነት። ይህን አልጠበቅሁም። በአልትራሳውንድ አየችና ፕሮስቴቱ መቶ ሃያ ግራም ሆኗል አለችኝ፤ የጤነኛው የዚህን ሩብ አይሞላም። ክኒን የሚበቃበት ጊዜ አልፏል፤ ቱቦው ሲወጣ እንደገና ይዘጋል፤ ኩላሊቴም መድከም ጀምሯል። ኦፕራሲዮኑ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም ብላ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችኝ።

አንደኛው ሆድ ሳይቀደድ በሽንት ቧንቧው በኩል መሣሪያ አስገብቶ በጋለ ሽቦ እየፋቁ ማውጣት ነው። ሰውዬው በሁለት በሦስት ቀን ከሆስፒታል ይወጣል። ግን እንደኔ ለተለቀ ፕሮስቴት አትመርጠውም፤ ሥራው ይረዝማል፣ ደምም ይፈሳል። ሁለተኛው ከእምብርት በታች ከፍቶ እጢውን እንደ ብርቱካን ከልጣጩ ማውጣት ነው። ደም ማዘጋጀት ያስፈልገዋል፣ መተኛቱም ይበዛል፣ ስፌትም አለው። የሚዘጋውን ግን ጠርጎ ያወጣዋል። ሦስተኛው የሌዘር ጨረር ነው፤ እንደ መጀመሪያው በቧንቧ ገብቶ እንደ ሁለተኛው ሙሉውን ያወጣል። እሱን የፈለገ አዲስ አበባ መሄድና ወረፋ መያዝ አለበት። ለእኔ የምትመክረኝ ሁለተኛውን ነው፣ ምክንያቱም ኩላሊቴ ወረፋ አይጠብቅም። መስከረም 28 ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስለሚቀር ነገርም ነግራኛለች። እሱን እዚህ አልጽፍም። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፣ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ዶክተሯን ልጠይቃት የፈለግሁትንም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

መስከረም 12

መተማ ተመልሻለሁ። ከመወሰኔ በፊት ኦፕራሲዮን የተሠሩትን ሰዎች ልጠይቅ ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ሹፌሩን ይጠይቃል እንጂ ፋብሪካውን አይጠይቅም።

ጎረቤታችን አለኸኝ የጉምሩክ ፖሊስ የነበረው ነው፤ ጎንደር ተከፍቶ ነው የወጣለት። ሸሚዙን ገልጦ ስፌቱን አሳየኝ። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ነው የሚቆረጠው፣ እንደ ሌባ በጓሮ የሚገባ ሕክምና አልወድም አለኝ። ምንም አላመመኝም፣ በሳምንቱ ሞፈር ተሸክሜያለሁ ይላል። አለኸኝ ሞፈር ተሸክሞ አያውቅም።

ያንን ሌላውን ነገር ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ ተውሁት።

መስከረም 15

ቢሻው ዘንድ ሄድሁ። የሰሊጥ ኢንቨስተር ነው፤ አብደራፊ ትራክተሮች አሉት። እሱ አዲስ አበባ በጨረር ነው የተሠራው። ጠዋት ገብቼ ማታ ሆቴሌ ነበርሁ አለኝ። መቀስ የነካው ሰው ሁሉ ኋላ ቀር ነው ለእሱ። ይህን ሁሉ ሲያወራ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሽንት ቤት ሄደ።

ወጥቼ ስመለስ በሻይ ቤቱ አለፍሁ። ሻይ የሚጠጡት የራቅኋቸው መስሏቸው «ውቤ እኮ አለቀለት፣ ያ አንበሳ» ሲሉ ሰማሁ። አንበሳ ማለታቸውን ብቻ ይዤ ገባሁ።

መስከረም 18

ዛሬ ደስ ያለኝ ቀን ነው። አለምሰገድ መጣ፤ ያ የድሮ ረዳቴ። በኋላ የራሱን መኪና ይዞ ገዳሪፍ ነበር የሚኖረው። ጦርነቱ መኪናውንም ቤቱንም በላበትና ሚስቱን ይዞ በእግሩ ድልድዩን ተሻገረ። አሁን አንዲት ክፍል ተከራይተው ሰሌን ላይ ይተኛሉ። ሲያየኝ ግን በሱዳኖቹ ሰላምታ «ተማም፣ ያ ዞል!»፣ ደህና ነህ ወዳጄ፣ ብሎ እንደ ድሮው እጁን ዘረጋ።

እሱም ተሠርቷል፣ ገዳሪፍ፣ በሽቦ ተፍቆ። የሱዳን ሐኪሞችን እያመሰገነ አመሸ። ገዳሪፍ ደህና ብትሆን ኖሮ እኔም እዚያው ነበር የምሄደው። ያን መንገድ ጉድጓዱን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ሱቆቹን፣ የከርከዴውን ሻይ ሽታ፣ ዓርብ ዓርብ ነጭ በነጭ ሆኖ የሚወጣውን ሰው እያነሳን አወራን። የዓለምወርቅም መጥታ ተቀመጠች። ያገባኋት ሰሞን በኤንትሬዋ ጋቢና ከአብደራፊ እስከ መተማ ይዣት የመጣሁትን አነሳች። መንገድ ተቆርጦ ሰሊጥ ጆንያ ላይ ተኝተን ነበር ያደርነው። አለምሰገድ ከጎማው ሥር ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ በውሸት ሲያንኮራፋ ነበር፣ ሰምተኸናል እንዳንለው። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ጀለቢያዬን አየችና ሳቋን አቆመች።

እንግዲህ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ ትራክተር፣ አንዱ መርሴዲስ፣ አንዱ ኤንትሬ። ሹፌር ሁሉ የነዳውን ያሞግሳል።

መስከረም 24

የዓለምወርቅ ከህሊና ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «ምን እንዳደረግሁት እንኳ አላውቅም» ትላለች። ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

መስከረም 28

ዛሬ ጎንደር መሆን ነበረብኝ። አልሄድሁም። መንዳት ከተውሁ ወዲህ የማርሰው ሰሊጥ ታጭዶ ሂላው፣ የነዶው ክምር፣ ቆሟል፣ ባለቤቱ በሌለበት አይራገፍም። ለህሊና ደውዬ ነገርኋት። «ሰሊጡ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ሰሊጡ ነው።

ጥቅምት 5፣ እርሻ

ሙቀት። ከረጢቱ ሁለት ጊዜ ሞላ፣ ከዛፍ ጀርባ ደፋሁት። የጎጃም ሠራተኞች እያዩኝ ነው።

ትራክተሩ ይነቀንቀኛል፣ ቱቦው ይጎትተኛል። ስለዚህ ከሂላው የሰሜኑን ወገን ነገ እናራግፈዋለን ብዬ ሦስት ቀን አሳደርሁት። ዛሬ ስንደርስ ነዶው አፉን ከፍቶ ግማሹ መሬት ላይ ፈሷል። ሸራውን ሳይዘረጉበት። የሠራተኞቹ አለቃ ቸሩ ከአፈሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ሰሊጥ እንኳን ለሰው ለንጉሥም አይጠብቅ» አለኝ። እንደ ማሽላ የሚቆይ መስሎኝ ነው ወይ ልለው ነበር። ቀድሞ ያን ቃል ለሌሎች የምናገረው እኔ ነበርሁ። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 11

ብርድ ብርድ ይለኛል። በዚህ ሙቀት። ሽንቱ ደፍርሷል። ሂላው ተራግፎ አልቋል፣ ደግ ነው።

ጥቅምት 12

ትኩሳት። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መጻፍ አልች

ጥቅምት 18

አምስት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቼ መርፌ ተወጋሁ። ቱቦው ኢንፌክሽን ፈጥሮብኝ ወደ ደሜ ሊገባ ነበር አሉ። ቱቦውን ቀየሩልኝ። የልጄ እኩያ የሆነው ልጅ ዛሬ አልተቆጣኝም፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

ጠዋት ቤት መጥቼ አንገሬቤ ላይ ጋደም አልሁ። የዓለምወርቅ ሰፌድ ምስር ይዛ መጣችና እግርጌዬ ተቀመጠች። ስትለቅም ቆየችና አለኸኝ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ቢሻውስ? ነገርኋት። አለምሰገድስ? ነገርኋት። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቋን መስማቴ ነው።

«ወንዶቹ የነገሩህን ሰማሁ፤ አሁን ሚስቶቻቸው የነገሩኝን ስማ» አለችኝ።

እኔ በየቤቱ ስዞር እሷም በማኅበሯ ስትጠይቅ ነበር ለካ። የአለኸኝ ሚስት ማናዬ ሁሉንም ነግራታለች። ያ ፊት ለፊት ተቆርጫለሁ ያለው አለኸኝ ዋርድ ውስጥ እናቱን እየጠራ ሲያለቅስ ነበር፤ ወር ሙሉ አስነጥሶ ሆዱን ይዞ ይንበረከካል። ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሌሊት አይነሳም። ቢሻው ፈጥኖ መውጣቱ እውነት ነው፤ ሁለት ወር ግን እንደ ሕፃን ጨርቅ አድርጎ ነው የከረመው፣ አሁን ገና እየተሻለው ነው። አለምሰገድ ደግሞ ቧንቧው መልሶ እየጠበበበት ነው፤ ሚስቱ ናት የነገረቻት፣ እሱ ገዳሪፍን ማማት መስሎት ነው የማይናገረው። ሁሉም ድነዋል፣ ሁሉም ከፍለዋል አለችኝ። ከዚያ ዶክተሯ ያለችውን ድገመው አለች። ደገምሁት፤ ለተለቀ መክፈት ይሻላል፣ ጊዜ የለህም። ታዲያ ሌላ ምን ትጠይቃለህ አለች።

ምስሩን ትታ አየችኝ።

«ያንንም ነገር ጠይቄልሃለሁ» አለች።

«የትኛውን?»

«በረንዳ ላይ የሚያሳድርህን።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። እሷ አላቆመችም። ማናዬ እንዳለቻት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዘሩ ወደ ኋላ ወደ ፊኛው ይመለሳል፣ ወንድነቱ ግን እንደነበረ ነው። እኔና አንተ ደግሞ ከእንግዲህ ማንን ልንወልድ ነው አለች። ዶክተሯ የነገረችኝም ይኸው ነበር። የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው፣ መስኮት መስኮቱን ሳይ።

«እኔ የመሰለኝ የጠላኸኝ ነበር፣ ውቤ» አለች። ድምጿ ደህና ነበር። ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመረች።

ስንት መኪና ገደል አፋፍ ላይ አቁሜያለሁ፣ እንዲህ ግን ደንግጬ አላውቅም። የጠላሁት ራሴን ነው ብላት ጥሩ ነበር። ምስሩ ውስጥ ድንጋይ አለ አልኋት። አንስታ ጣለችው።

ከሰዓት ለህሊና ደወልሁና ቀጠሮ አስይዢ አልኋት።

ኅዳር 4፣ ጎንደር

ነገ ነው። በዚህኛው ጉዞ ውሃ እየጠጣሁ ነው የመጣሁት፣ የዓለምወርቅ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ ይዛ እየሰጠችኝ። ደም የሰጡልኝ ህሊናና የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ከነገ ወዲያ የእጅ ጽሑፌ ካማረ በአስተማሪ ደም ነው።

ዶክተር እፀገነትን ዛሬ ጠየቅኋት። ህሊናን አስወጥቼ፣ የዓለምወርቅን አስቀምጬ። ፊት ለፊት ጠየቅኋት። ማናዬ ካለችው የተለየ ነገር አልነገረችኝም። አንዳንዱ ሰው ሊደክም ይችላል፣ አብዛኛው ግን እንደነበረ ይቀጥላል አለች። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ፈገግ አሉ።

እፈራለሁ። ይህንን ከጻፍሁ ይበቃል።

ኅዳር 6

አለሁ። ከወገቤ በታች አደንዝዘው ነው የሠሩኝ፣ መቀሱን እሰማ ነበር። አሁን ድንዛዜው ለቆኛል። አለኸኝ ሆይ፣ ምንም አላመመኝም ያልኸውን እግዜር ይይልህ።

ኅዳር 7

ውሃ በቱቦው እየገባ ፊኛዬን ያጥባል። ትናንት የሚወጣው ቀይ ነበር፣ ዛሬ ሳስቷል። የዓለምወርቅ ከረጢቱን እያየች ታመሰግናለች። እናቴንም ጠርቻለሁ፣ አንድ ጊዜ።

ኅዳር 14

ቱቦው ወጣ። መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ትንሽም አፈሰስሁ። ቢሻውን አሰብሁና አፈርሁ። ከሰዓት ግን ቆሜ ሸናሁ፣ በራሴ፣ ድምፅ ባለው ሽንት። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ያ ግራር አሁንም ቆሞ ይሆን? የቆመ ከሆነ ሥሩ ማን ይቆማል? ለአለምሰገድ ደወልሁና አሁን ብንፎካከር እንደገና እበልጥሃለሁ አልሁት። በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ቆየና ድምፁ ተቀየረ። በዚያ መንገድ ገና እንሄድበታለን፣ ያ ዞል፣ አለኝ። እንሄዳለን አልሁት። የአንተንም ቧንቧ ይህችው ዶክተር ታየዋለች፣ ሚስትህ ነግራናለች አልሁት። እሺ አለ።

ኅዳር 24

መተማ ገባሁ። ሱሪ ለብሼ።

የዓለምወርቅ ሦስት ቀን ቀድማኝ ነበር የመጣችው፣ ቤቱን ላጽዳ ብላ። ከባጃጅ ወርጄ በረንዳው ላይ ስደርስ አንገሬቡ የለም። የቆመበት ቦታ ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። የት ሄደ አልኋት። ውስጥ ግባ አለችኝ።

መኝታ ቤት ስገባ የስፖንጁ አልጋም የለም። በቦታው አንገሬቡ ቆሟል፤ ጠፍሩ እንደ አዲስ ተወጥሮ፣ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበት፣ ሁለት ትራስ ጎን ለጎን ተደርጎበት። ሰፊውን አልጋ ለአለምሰገድና ለሚስቱ ሰጠሁት አለች፤ ሰው ስንት ወር ሰሌን ላይ ይተኛል? ጠፍሩን የወጠረውም አለምሰገድ ነው።

ስፌቴን ይዤ ጫፉ ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥሁ። ያው ድሮ እንደሚያደርገው ሲጥ አለ።

«ይሄ እኮ ጠባብ ነው፣ ዓለሜ» አልኋት።

«ድሮም ጠባብ ነበር» አለች፣ በሩንም ዘጋችው።